የአሮጌ ጊታር ብሪጅ ተነቀለብኝ፣ ገዢው ነገ ጠዋት ይመጣል፤ እንጨት የምታውቁ ድረሱልኝ

ክር በጣሹ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ክር እየወጠርኩ ሳለ ጧ! ብሎ ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹን የሚይዘው ፊቱ ላይ የተለጠፈ እንጨት፣ ከነክሩ ተነቀለ። ጊታሩ የአጎቴ ነበር፣ በጣም አሮጌ ነው። ነገ ጠዋት ሊያየው የሚመጣ ገዢ አለ። ጀርባው ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ የብራዚል ሮዝውድ የሚባለው እንጨት ነው ብለውኛል። ሁለት ነገር ብቻ ንገሩኝ፦ በሱፐር ግሉ ልለጥፈው ወይ? ስንትስ ልበል? ፎቶ አያይዣለሁ። እባካችሁ ቶሎ!

ስድስተኛው ክር፦
ብሪጁ ልትጠራ ያሰብከውን ዋጋ ሰምቶ ነው የዘለለው።

ኮላ እጁ፦
ሱፐር ግሉ እንዳትነካ! የቀሩትን ክሮች አላላቸው።

የጣውላ ሽታ፦
ወንድሜ፣ «የብራዚል ሮዝውድ» እንዲህ በቀላሉ ከአፍ የሚወጣ ቃል አይደለም። ዛፉ ዳልበርጂያ ኒግራ ይባላል። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ማርቲን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1969 መደበኛ ጊታሮቹን ወደ ሕንድ ሮዝውድ ያዞረው ግንዱ እንደ ልብ መገኘት ስላቆመ ነው። ከ1992 ጀምሮ ደግሞ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይቴስ ስምምነት አባሪ አንድ ውስጥ ስላለ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር አይሻገርም። የተቀሩት የዳልበርጂያ ዝርያዎች በ2017 አባሪ ሁለት ውስጥ ገቡ፤ በ2019 መጨረሻ ላይ ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚያ ቁጥጥር ተለቀቁ። ይህ ግን ብራዚሉን አይጨምርም። ስለዚህ ለገዢው «ብራዚል» ብለህ ከሸጥክለት በኋላ ሌላ ሆኖ ቢገኝ ጣጣው ላንተ ነው። ሆኖ ቢገኝም ሌላ ጣጣ አለው።

ክር በጣሹ፦
እሺ አመሰግናለሁ፣ ግን እኔ የጠየቅኩት ሙጫውን ነው…

መቃኛ፦
ጥያቄው ራሱ ከሥሩ የተበላሸ ነው። የጊታር ዋጋ እኮ በእንጨት ስም አይወጣም። ማን ሠራው? መቼ? ሙሉ ጣውላ ነው ወይስ ኮምፐርሳቶ? ተሰንጥቋል? አንገቱ ቀጥ ብሏል? እነዚህን ሳታውቅ በፎቶ ዋጋ የሚነግርህ ሰው ካለ ወይ ነጋዴ ነው ወይ አፈኛ። ፎቶህ ደግሞ ከጊታሩ ይልቅ የአልጋ ልብሱን ነው የሚያሳየው።

ስድስተኛው ክር፦
የአልጋ ልብሱ ግን ሙሉ ጥጥ ይመስላል።

አሮጌው አናጢ፦
ልጄ፣ አትደንግጥ። የተነቀለው ብሪጅ ማንም በነጻ የማያሳይህን አሳይቶሃል። ብሪጁ የነበረበት ቦታ ላይ ቫርኒሽም ቀለምም የለም፤ ባዶ እንጨት ነው። ፀሐይም አላየውም። አምፖል አስጠግተህ ተመልከተው። ነጣ ያለ ከሆነና ዙሪያው ብቻ እንደ ማር ቢጫ ከሆነ ፊቱ ስፕሩስ የሚባለው እንጨት ነው፤ ስፕሩስ ሲያረጅ ነው የሚቢጨው። እዚያም ቡናማ ከሆነ ሴዳር ነው።
ቀጥለህ የተገነጠለበትን ተመልከት። ከላይኛው ስስ ልጥ ሥር መስመሩ አግድም የሚሄድ ሌላ ንጣፍ ካየህ ኮምፐርሳቶ ነው። ሙሉ ጣውላ ከሆነ እስከ ታች አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። በክቡ የድምፅ ቀዳዳ ጠርዝ ላይም ያንኑ ታያለህ።
ለጀርባው ደግሞ ከውጭ አንድ ጎላ ያለ መስመር ወይም አንጓ ምረጥና በቀዳዳው ስልክህን አስገብተህ በውስጥ በኩል ልክ እዚያው ቦታ ላይ ፎቶ አንሣ። ያው መስመር ከውስጥ ከሌለ፣ ሮዝውዱ ላዩ ላይ የተለበጠ ስስ ልባጭ ነው።
አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፦ ክሩ ብሪጁ ላይ ታስሮ ነው የሚያዘው ወይስ በፒን? የወጠርከውስ ምን ዓይነት ክር ነው?

ክር በጣሹ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ታስሮ ነው የሚያዘው። የነበረው ፕላስቲክ መሳይ ክር አርጅቶ ስለነበር ድምፁ ለገዢው ጎላ እንዲል ብዬ አዲስ ብረት ክር ገዝቼ ነበር።

መቃኛ፦
በል እንግዲህ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ይሄንን መጀመሪያ አትናገርም?

አሮጌው አናጢ፦
ተገኘ። ያ ክላሲካል ጊታር ነው፣ ለናይለን የተሠራ። ስድስት የናይለን ክር ሲቃኝ በድምሩ ወደ 40 ኪሎ ገደማ ይስባል፤ የተለመደው ብረት ክር ግን ከ70 ኪሎ ያልፋል። ሙጫውም ብሪጁም ጥፋት የለባቸውም። የብሪጁን ሆድ እስቲ ገልብጠህ እየው፤ ንጹሕ ከሆነ የለቀቀው ሙጫው ብቻ ነው፣ ሥራው ቀላል ነው። የፊቱን እንጨት ይዞ ከመጣ ግን ስባሪዋን ሁሉ፣ ጥርስ መፋቂያ የምታክለውንም ሳይቀር፣ ለቅመህ ፖስታ ውስጥ አስቀምጥ። መጋጠሚያው እሷ ናት።

ገመዱ፦
ሰላም፣ አሁን ነው ያየሁት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ክሮቹን ቶሎ አላላቸው፣ አለዚያ ብሪጁ ሊነቀል ይችላል።

ስድስተኛው ክር፦
ነቢይ ነህ፣ ግን ዘግይተሃል።

ክር በጣሹ፦
አየሁት። መሃሉ ነጭ ነው ዙሪያው ቢጫ፣ ስለዚህ ስፕሩስ። የተገነጠለበት ላይ ግን ከሥሩ አግድም መስመር አለ 😔 ከውስጥ በኩልም ጀርባው ገርጣ ያለ እንጨት ነው፣ ከውጭው ጋር አይገናኝም። ከውስጥ የተለጠፈው ወረቀት ተቀድዷል፣ የሚነበበው «ኒፖን ጋኪ» የሚል ብቻ ነው። በቃ ዋጋ የለውም ማለት ነው?

የጣውላ ሽታ፦
ኒፖን ጋኪ ያማሃ ነው፤ ስሙን የቀየረው እ.ኤ.አ. በ1987 ስለሆነ ጊታርህ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ሮዝውዱ ልባጭ መሆኑን አስቀድሜ ጠርጥሬ ነበር።

መቃኛ፦
አልጠረጠርክም፣ ስለ ድንበር ነበር የምታወራው። ደግሞ ኮምፐርሳቶ ነው ብሎ መጣል አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የያማሃ ኤፍጂ 180 ጊታር ፊቱ ኮምፐርሳቶ ሆኖ እስከ ዛሬ የሚፈልገው አያጣም። የሞዴል ቁጥር ከውስጥ ተጽፎ እንደሆነ በባትሪ ፈልግ። ካገኘህ ያንኑ ሞዴል በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ተመልከት፤ ለሽያጭ የተጠራበትን አይደለም፣ መጥራት ማንም ይጠራል። ከዚያ ላይ የጥገናውን ወጪ ቀንስ።

ኮላ እጁ፦
ሱፐር ግሉ አሁንም እንዳትነካ።

አሮጌው አናጢ፦
እውነት ነው። ሱፐር ግሉም ኢፖክሲም እንጨቱ ውስጥ ሰርገው ስለሚቀሩ ቀጥሎ የሚጠግነው ሰው እነሱን ለመፋቅ ሲል ፊቱን ይጎዳል። ደንቡ አሮጌውን ሙጫ ጠርጎ፣ በእንስሳ ሙጫ ወይም በጥሩ የእንጨት ኮላ ለጥፎ፣ በቀዳዳው በኩል ሞርሳ አስገብቶ አንድ ቀን ሙሉ ሳይወጥሩ ማቆየት ነው። ለነገ ጠዋት አይደርስልህም። እንዳለ አሳየው፤ ብሪጁንና ፖስታውን አብረህ ስጠው፣ ብረት ክር እንደነበርም ንገረው። ብርጭቆ ወረቀት እንዳታስነካው፣ ቫርኒሽም እንዳትቀባው።

ስድስተኛው ክር፦
የአልጋ ልብሱን ጨምርለት፣ ዋጋ ያነሣል።

ክር በጣሹ፦
እሺ ጋሼ። ቁጥሩን እየፈለግኩ ነው፣ ጂ ከሚል ቀጥሎ የሆነ ነገር አለ፣ ባትሪዬ ሊዘጋ ነው። ነገ እጽፋለሁ።

መቃኛ፦
ክር በጣሹ፣ ገዢው መጣ?

ኮላ እጁ፦
ሦስት ቀን ሆነው እኮ። በሱፐር ግሉ ለጥፎት ነው የጠፋው።

አሮጌው አናጢ፦
ልጄ፣ ከጂ ቀጥሎ ምን ይላል?