«የልጅ ጨዋታ ነው»፦ ለማን?

ወንዝ ዳር፦ ትናንት በንባብ ቡድናችን አንድ አባል ስለ ማርክ ትዌይን «ሃክልቤሪ ፊን» ሲናገሩ «የመጨረሻዎቹ 12 ምዕራፎች የልጅ ጨዋታ ናቸው፤ እየሣቃችሁ እለፏቸው» ማለታቸው እስካሁን ያንገበግበኛል። በ31ኛው ምዕራፍ ከባርነት ያመለጠውን ጂምን የሚያስይዘውን ደብዳቤ ቀድዶ፣ ባሪያ ማስመለጥ ኃጢአት ነው ቢባልም ሲኦል መግባትን የመረጠው ልጁ ሃክ፣ ጓደኛው ቶም ሶየር ብቅ ካለ በኋላ የቶም ተላላኪ ሆኖ ይቀራል። ጂም ተይዞ ሲታሠር፣ የታሠረበትን የአልጋ እግር አንሥቶ ሰንሰለቱን ማውለቅ እየተቻለ፣ ከአይጥና ከእባብ ጋር እንዲያድር፣ በደሙ ሸሚዝ ላይ እንዲጽፍ፣ አበባ በእንባው እንዲያጠጣ በቶም ይታዘዛል።

ባለ መነጽሩ፦ ተናጋሪው እኔ ነኝ። ትዌይን የሚያላግጠው በጂም ሳይሆን፣ ጀግንነትን ከልብ ወለድ በተዋሰው በቶም ነው።

ወንዝ ዳር፦ «የልጅ ጨዋታ» የምትለዋን አይሽሿት እንጂ። ጂምን በባርነት ትገዛው የነበረችው ሚስ ዋትሰን ከሁለት ወር በፊት ስትሞት ጂምን በኑዛዜዋ ነጻ አውጥታዋለች፤ ቶም ይህን እያወቀ ነው ነጻውን ሰው እስረኛ አድርጎ የሚጫወትበት። ለጂም የከፈለው ካሣም 40 ዶላር ነው።

ጥቁር ቀለም፦ ደራሲው ሄሚንግዌይም በ1935 እ.ኤ.አ. ጂም ከወንዶቹ ልጆች እጅ ከተሰረቀበት ቦታ ላይ ንባባችሁን አቁሙ፣ ቀሪው ማጭበርበር ነው ብሎ ነበር።

ባለ መነጽሩ፦ ሄሚንግዌይን የሚጠቅስ መቼም አይጠፋም። ገጣሚው ኤሊየት በ1950 መጨረሻው ወደ መጀመሪያው መንፈስ መመለሱ ተገቢ ነው ማለቱን ግን የሚያነሣ የለም።

ጥቁር ቀለም፦ መመለሱን ማን ካደ? በ1876 የተጀመረው መጽሐፍ እየተጣለ እየተነሣ በ1883 ነው ያለቀው። ካይሮን በጉም ውስጥ ካለፏት በኋላ ወንዙ ጂምን ወደ ባርነት አገር ይዞት ይወርዳል፤ ደራሲውም መውጫ ሲያጣ ቶምን ጠራ።

አዲስ ገቢ፦ ካይሮ ከሚሲሲፒ ጋር ምን አገናኛት?

ጥቁር ቀለም፦ የኢሊኖይዋ ናት፤ ከሚሲሲፒ ወደ ነጻዎቹ ግዛቶች ሊታጠፉባት ያሰቧት ከተማ፤ መጽሐፉን ሳያነቡ መከራከር እንዲህ ያጋልጣል።

አዲስ ገቢ፦ ስለ ጠየቅሁ መሰደብ አለብኝ? እኔ ያነበብሁት ፐርሲቫል ኤቨረት በ2024 በጂም አንደበት የጻፈውን «ጄምስ»ን ነው፤ ከዚህ ጭቅጭቅ ይሻላል።

ባለ መነጽሩ፦ እርሱ ሌላ መጽሐፍ ነው። ቶም በጥይት ቆስሎ ሲወድቅ፣ ጂም ማምለጡን ትቶ ሐኪሙን የረዳው በእነዚሁ በተናቁት ምዕራፎች አይደለምን? ወንዝ ዳር ይህን ለምን ዘለሉት?

ወንዝ ዳር፦ አልዘለልሁትም። ለውለታው እጁንና እግሩን በሰንሰለት አሥረው መልሰው ዘጉበት፤ ቶም ደግሞ ጥይቷን እንደ ኪስ ሰዓት በአንገቱ አንጠልጥሎ ይዞር ጀመር። እየሣቅን እንለፈው ያሉን ይህንን ነው?

ባለ መነጽሩ፦ ሣቁ ሁሉ አንድ ዓይነት የመሰላችሁ እንደሆነ ምን ላድርግ።