ማልታ ላይ የአገር ቤት ዕቃ፦ ምን ልያዝ፣ ምን ልተው?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። በሥራ ፈቃድ ወደ ማልታ ልሄድ ነው። ባለቤቴም ቆየት ብላ ትከተለኛለች። ደሴት ስለሆነ ሁሉም ነገር እሳት ነው ይሉኛል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ቂቤ ከዚህ ጭኜ ልሂድ ወይስ እዚያ ይገኛል? ቢሳካ ትንሽ ንግድ ቢጤም አስቤያለሁ።

መልስ 1፦
በሰላም ያምጣህ ወንድሜ። ከቂቤው ልጀምር፤ ተወው። ማልታ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስለሆነች፣ ሥጋና የወተት ውጤት ከኅብረቱ ውጭ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። ቂቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። እናትህ በሦስት ፌስታል ብትጠቀልለውም ንጥር ቂቤ ሽታው ከዚፑ ቀድሞ ይወጣል። ከተገኘ ይጣላል። ይልቅ ኮረሪማ፣ ኮሰረትና ጥቁር አዝሙድ ያዝ። ጨው የሌለበት ቂቤ እዚህ ገዝተህ ራስህ ታነጥረዋለህ። እውነቱን ለመናገር ልዩነቱን የሚያውቅብህ እንግዳ ብዙ አይደለም።

ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። የደረቀና የተፈጨ ነገር፣ በርበሬም ሽሮም፣ ለራስህ የሚሆን ያህል ችግር የለውም። እርጥብ ቃሪያ ግን የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። በአውሮፕላን ስትመጣ የያዝከው ዕቃ ጠቅላላ ዋጋ ከ430 ዩሮ በታች ከሆነ ቀረጥ የለብህም።

አሁን ወደ ውድነቱ። ቢርዜቡጃ የምትባለው የማልታ የወደብ ከተማ ወርደህ ወደቡን ብታይ ትገረማለህ። ከቻይናና ከህንድ የመጡ ግዙፍ መርከቦች፣ ተራራ ያከለ የኮንቴነር ክምር። እኔም መጀመሪያ ሳየው «ይሄ ሁሉ ዕቃ እያለ ምን ያስወድደዋል?» ብያለሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። ያ ወደብ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው በዋናነት ኮንቴነር ከመርከብ ወደ መርከብ በማዛወር ነው። አብዛኛው ደሴቷን ሳይረግጥ ወደ ሌላ አገር ያልፋል። ማልታ ግማሽ ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ሰው ያለባት አገር ናት፤ ለአንድ ሱቅ ሙሉ ኮንቴነር በርበሬ ማን ያመጣል? ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጣ ብዙ ዕቃ መጀመሪያ ትልቅ አገር ያለ አከፋፋይ መጋዘን ይገባል። ከዚያ ተከፋፍሎ በጣሊያን በኩል፣ ከካታኒያ ወይም ከጄኖቫ፣ በተሳቢ መኪና መርከብ ላይ ተጭኖ ይመጣል። ባንግላዴሽ የተሰፋውም ቲሸርት፣ የህንዱም ሩዝ፣ የኛም ጤፍ በዚያው መንገድ ሊመጣ ይችላል። በየመሃሉ አንድ አትራፊ አለ።

ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ የሚደርሰው ጥቃት ተጨመረ። ማልታ ከስዊዝ ቦይ ብዙም አትርቅም፤ ግን መርከቦቹ ደቡብ አፍሪካን ዞረው በጂብራልታር ሲመጡ ያ ጥቅም ቀረ። ከጅቡቲ የሚነሳ ቡናም በአጭሩ መንገድ ለመምጣት ባብ ኤል መንደብን፣ የቀይ ባሕርን ደቡባዊ መግቢያ፣ ማለፍ ግድ ነው።

መልስ 2፦
ስለ ንግዱ እኔ ልጨምር። ብዙ ሰው የሚፈራው ቀረጡን ነው። ቀረጡ እኮ የለም! ኢትዮጵያ በጣም ካላደጉት አገሮች ተርታ ስለሆነች፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በቀር ዕቃዋ አውሮፓ ኅብረት ያለ ቀረጥ ይገባል። ጥሬ ቡና ከየትም ቢመጣ ዜሮ ነው። የተቆላ ቡና መደበኛው ቀረጥ 7.5 በመቶ ነው፤ የኛ ግን የስሪት አገር መግለጫ፣ ማለትም ዕቃው የኢትዮጵያ ምርት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ካለው ዜሮ ይሆናል። ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ የማይበልጥ ከሆነ መግለጫውን ማንኛውም ላኪ ራሱ ደረሰኙ ላይ መጻፍ ይችላል። አዲስ አበባ ያለው ላኪህ ይህን ካላወቀ በከንቱ ትከፍላለህ።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ለንግድ የሚገባ ሰሊጥ በሳልሞኔላ (ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ)፣ ቅመማ ቅመም ደግሞ በአፍላቶክሲን (ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ) ምክንያት ተጨማሪ ምርመራ አለበት። ናሙና ተወስዶ ውጤት እስኪመጣ ዕቃው ይቆማል፤ ወጪው ባንተ ነው። ሃያ ካርቶን ለሚያስገባ ሰው ይሄ ትርፉን ሙልጭ አድርጎ ይበላል። እኔን ብትሰማኝ በተቆላ ቡና ጀምር፤ ጭነቱንም ከሌላ ሰው ጋር ተጋራ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ እህቴ ለባለቤቴ የሐበሻ ቀሚስ በፖስታ ብትልክስ?

መልስ 1፦
ከግለሰብ ለግለሰብ የተላከ ስጦታ ከሆነና ዋጋው ከ45 ዩሮ ካልበለጠ አይከፈልበትም። ጥሩ ቀሚስ ደግሞ ዛሬ በዚያ ዋጋ አይገኝም። ከሱቅ ተገዝቶ የሚላክ ከሆነ ከ2021 ሐምሌ ወዲህ ዋጋው ምንም ያህል ቢያንስ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት፤ እዚህ 18 በመቶ ነው። የምግብ ሌላ ነው፣ አብዛኛው ዜሮ ነው። ቀሚሱን ባለቤትህ ስትመጣ በሻንጣ ትያዘው።