የድንጋይ ከሰል ማጠቢያ ቦታ፦ የዕፅዋትና የዱር እንስሳት ጥናታችን ተመለሰ፤ የቀረን አሥር ቀን ነው

ጠያቂዋ
ለሙያው ቅርብ የሆናችሁ ሁሉ እባካችሁ ድረሱልኝ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የድንጋይ ከሰል የሚታጠብበትና ለሲሚንቶ ፋብሪካ እስኪጫን ድረስ የሚከማችበት ቦታ ለመሥራት ፈቃድ ጠይቀን ነበር። ዛሬ ጠዋት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነዳችን «የዕፅዋትና የዱር እንስሳት ክፍሉ የመስክ መረጃ የለውም» ተብሎ ተመልሶልናል። ሰነዱን ያዘጋጀው አማካሪ ስልክ አያነሳም፤ እኔም የኬሚካል መሐንዲስ እንጂ የዕፅዋት ባለሙያ አይደለሁም። ቦታው ባዶ ሜዳ ስለሆነ ሥራው ብዙ አይመስለኝም። ምን ምን ልመዝግብ?

ባለ ወይራ
በመጀመሪያ ሕጉን ያንብቡ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሳይፈቀድለት ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል፤ ቀጥተኛውን ብቻ ሳይሆን ቀጥተኛ ያልሆነውን ተፅዕኖም ሰነዱ እንዲያሳይ ይጠይቃል፤ የሕዝቡም አስተያየት እንዲሰማ ያዝዛል። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ለማሟያ ያህል የሚጻፍ አድርጎ ስለሚያየው ነው ሰነዶች የሚመለሱት።

መሬት ለኪ
ወደ ሥራው እንግባ። ለዛፎች 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆኑ መደቦችን ይከልሉ፤ በየመደቡ ውስጥ ለሣርና ለቅጠላ ቅጠል 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆኑ ትንንሽ መደቦችን ይጨምሩ። የእያንዳንዱን ዛፍ ግንድ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብለው ይለኩ፤ መደቡ ያለበትን የጂፒኤስ ነጥብና ከፍታ ይመዝግቡ። ስሙን ያላወቁትን ተክል አበባው ወይም ፍሬው ሳይለይ ቆርጠው በጋዜጣ መካከል ይጫኑት፤ ጋዜጣውን በየቀኑ ካልቀየሩት ይሻግትብዎታል። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ወስደው ያስለዩት።

የቡና አፈር
እኔ የምቃወመው «ባዶ ሜዳ» የሚለውን ቃል ነው። በዚያ አካባቢ ሜዳ በራሱ ባዶ አይሆንም፤ የመነጠረው ሰው አለ። ከመመንጠሩ በፊት ምን ነበረበት? ማጠቢያ ያለ ውኃ ስለማይሠራ ከበታችዎ ወንዝ ወይም ምንጭ መኖሩ አይቀርም፤ እርሱስ በሰነዱ ውስጥ አለ? በከሰሉ ውስጥ ያለው ድኝ አየርና ውኃ ሲያገኘው አሲድ ይሆናል፤ ዝናብ ከክምሩ ሥር አጥቦ የሚያወርደውም ያንኑ ነው። ስለዚህ ጥናቱ ከአጥሩ ውጭ መውጣት አለበት። ከማጠቢያው በላይና በታች ወንዙ ውስጥ ድንጋይ እየገለበጡ ከሥሩ የሚኖሩትን የነፍሳት እጮች ቆጥረው ያወዳድሩ። ዛሬ ያልተቆጠረው ነገ ሲጠፋ የሚመሰክርለት አያገኝም።

ጠያቂዋ
ይቅርታ፣ ግልጽ መስሎኝ ነው የተውኩት። ቦታው ባለፈው ዓመት በዶዘር ተጠርጓል። ከታች ጅረት አለ፤ ዳርቻው ላይ ዋንዛና ሾላ፣ ከሥራቸውም የገበሬዎች ቡና አለ። ወሩ ግንቦት ስለሆነ በየቀኑ ይዘንባል። ከሰል የጫኑ መኪኖች አሁንም በዚያው መንገድ ያልፋሉ።

ተራራው
እኔም 20 በ20 ሜትር መደብ ነው የምለው። በጅረቱ ዳርቻ ግን ስፋቱን ቀንሰው ርዝመቱን ይጨምሩ፤ ካልሆነ ግማሹ መደብ እርሻ ውስጥ ይገባብዎታል።

የገበሬ ልጅ
ሾላ ካለ እንስሳ አለ። ፍሬው ሲበስል ጦጣው፣ ወፉና የሌሊት ወፉ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ጎህ ሳይቀድ ሄደው ይቀመጡ፤ ጉሬዛ በአካባቢው ካለ ገና ሳይነጋ ሲያጓራ ይሰሙታል። ከዝናብ በኋላ በጭቃው ላይ የዱኩላና የከርከሮ ዱካ ይፈልጉ፤ ከዱካው አጠገብ ማስመሪያ አኑረው ፎቶ ያንሱ። ነጭ ሆኖ የደረቀ ኩስ ካገኙ የጅብ ነው፤ ነጭ ያደረገው የበላው አጥንት ነው። የሠራተኞቹ ምግብ ትራፊ የሚጣልበትንም ያስቡበት፤ ጅብንና ጥንብ አንሳን የሚስብ እርሱ ነው፣ ከጥንብ አንሳዎችም መካከል በዓለም ደረጃ ሊጠፉ የተቃረቡ አሉ። ከሁሉ በላይ ቡና የሚጠብቁትን አባቶች አክብረው ይጠይቁ፤ ሌሊቱን እዚያ የሚያድሩት እነርሱ ናቸው።

የቡና አፈር
አሁን ነገሩ ተገለጠልኝ። በመኪናው መንገድ ዳር ያለውን የቡና ቅጠል በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከዚያ ሃምሳ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተው እንዲሁ ያድርጉ። ዝናቡ የከሰሉን ብናኝ ስለሚያጥበው ሁለት ቀን ካባራ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ሁለቱን ጨርቆች ጎን ለጎን ፎቶ አንስተው በሰነዱ ያስገቡ። እዚያው ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የጫካ ቡና ዘር ስለሚገኝበት ነው፤ የእናንተም ቦታ ለእንዲህ ዓይነቱ ደን ቅርብ ከሆነ ርቀቱን በካርታ ያሳዩ።

ባለ ወይራ
ስለ ወቅቱም ልጨምር። ከአውሮፓና ከእስያ በመስከረም አካባቢ የሚመጡት ወፎች በግንቦት ተመልሰው ሄደዋል። ስለዚህ «ወፍ አላየንም» ብለው እንዳይጽፉ፤ ጥናቱ የአንድ ወቅት መሆኑን በግልጽ አስፍረው በጥቅምት እንደሚደገም ቃል ይግቡ። ቀን እንዲጨመርልዎም ዛሬውኑ በደብዳቤ ይጠይቁ። ገምጋሚ ጉድለቱን ከደበቀ ሰነድ ይልቅ የተናገረውን ያምናል።

መሬት ለኪ
አንድ ነገር ሳይጠየቅ ቀረ፦ በበጋ ነፋሱ ከክምሩ ወደ ጅረቱ ነው ወይስ ከጅረቱ ወደ ክምሩ የሚነፍሰው? የከሰሉን ብናኝ የሚወስደው ነፋሱ ስለሆነ የመጀመሪያው መደብ የሚተከልበትን ቦታ የሚወስነው እርሱ ነው።