የቆዳ ሶሌ ጠርዝ ነጥቶ ፀጉር አወጣ፤ ለጥር ሠርግ ይደርስልኛል?

የለገሃሩ፦
ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ከውጭ አገር የላከልኝ ቡናማ የቆዳ ጫማ አለኝ፤ ሶሉም ቆዳ ነው። የላይኛው ክፍል ምንም አልሆነም። ያስቸገረኝ የሶሉ ጠርዝ ነው፤ ማለትም ጫማው ከጎን ሲታይ ዙሪያውን የሚሄደው ክፍል። ክረምቱን ሙሉ ከለገሃር እስከ ፒያሳ የቸርችልን ዳገት ስወጣበትና ስወርድበት ከረምሁ። አሁን በጣቶቹ በኩል ነጥቷል፣ ሲዳስሱት ይሻክራል፣ ፀጉርም አውጥቷል። በዚያ ላይ ከቢሮዬ በር አጠገብ የሚሠራው ሊስትሮ ጠርዙን ሁልጊዜ በጥቁር ቀለም ስለሚያልፍበት አንዱ ቦታ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ግራጫ ሆኖ ተዥጎርጉሯል። በጥር ወር የጓደኛዬ ሚዜ ነኝ። ይድናል ወይስ ሌላ ልግዛ? ቢቻል ቤቴ ቁጭ ብዬ ራሴ ብሠራው ደስ ይለኛል፤ የእጅ ሥራ አይከብደኝም።

ቀጥተኛው፦
ወንድሜ፣ ነገር አታብዛ። ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጥቁር ማርከር ገዝተህ ዙሪያውን ቀባው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጎንበስ ብሎ የሰው ሶል የሚመረምር ማን አለ?

የሜክሲኮዋ፦
ሠርግ ላይማ አለ! ሚዜ ከሙሽራው ጋር የቤተሰቡን ጉልበት ለመሳም ሲንበረከክ ሶሉ ከነጠርዙ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ዳሱ ሙሉ ያየዋል፣ ካሜራውም ይቀርጸዋል። ማርከሩ ደግሞ ለፀሐይ ሲጋለጥ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይሄዳል። የሻከረውንም አያለሰልሰውም፤ የተነሣው ጭረት፣ ያ ፀጉር የመሰለው የቆዳ ክር፣ ጠቁሮ እዚያው ይቆማል። ጋሼ ወስፌ ካሉ እሳቸው ቢመልሱልህ ይሻላል።

ወስፌ፦
አለሁ። አራት ኪሎ ጫማ ስሰፋ ስለኖርሁ ትንሽ ባስረዝም ታገሡኝ።

ልጄ፣ ምንም ዕቃ ሳትገዛ በፊት ጠርዙ ከምን እንደተሠራ እወቅ። ከታች ቆዳ የሆነ ሶል ሁሉ ታኮውም ቆዳ ነው ማለት አይደለም። በብዙ ጫማ ላይ ታኮው የተፈጨ የቆዳ ቁርጥራጭ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ነው። ርካሹ ደግሞ ውስጡ ፕላስቲክ ሆኖ ተደራራቢ ቆዳ የሚያስመስል ስስ ሽፋን ይለጠፍበታል። ይህን በብርጭቆ ወረቀት ከፋቅኸው ሽፋኑ ተልጦ ፕላስቲኩ ይወጣል፤ መመለሻም የለውም። ስለዚህ በታኮው ውስጠኛ ጎን፣ ሰው በማያይበት በኩል፣ ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ በቀስታ ፋቅና አንድ ጠብታ ውኃ አኑርበት። ጠጥቶ ከጠቆረ ቆዳ ነው። ጠብታው ሳይጠጣ ከቆየ ወይም ተንሸራትቶ ከወረደ መፋቁን ተውና በቀለም ብቻ አድሰው።

ቆዳ መሆኑን ካረጋገጥህ ድርብርቡን ተመልከት። ከላይ ስፌቱ የሚታይበት ቀጭን የቆዳ ጥብጣብ አለ፤ ከሥሩ ሶሉ። በጥፍርህ እየገፋህ ዙሪያውን ዙር፤ የሚከፈት ቦታ ካገኘህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማስቲሽ ነው። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አውጣ፣ ሁለቱንም ፊት ስስ አድርገህ ቀባ፣ ሲነኩት እጅ የማያቆሽሽ እስኪሆን ጠብቅ፣ ከዚያ ገጥመህ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጠፍረህ አሳድረው። ብዙ ሰው ማስቲሹ ገና እርጥብ እያለ ይገጥመውና በሳምንቱ ተከፈተ ብሎ ይመጣል።

አሁን ወደ ፍቂያው። የላይኛውን ቆዳ ከጠርዙ በላይ በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። የብርጭቆ ወረቀት በቁጥር ይሸጣል፤ 120፣ 220 እና 400 ይበቁሃል። ወረቀቱን በጣትህ ሳይሆን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለህ ያዘው፤ በጣት የተፋቀ ጠርዝ ይጎደጉዳል፣ ከሩቅም ያስታውቃል። በጠርዙ ርዝመት ሂድ እንጂ ከላይ ወደ ታች አትፋቅ። እኛ በልጅነታችን የምንልገው በመስታወት ስባሪ ነበር። ስባሪውን ዘንበል አድርገን ወደ ራሳችን ስንስበው ከቆዳው ላይ ከክር የቀጠነ ልጣጭ ይወጣል፤ ወረቀት እንደሚያደርገው አቧራ አይሆንም፤ ፊቱም ያኔውኑ ይለሰልሳል። አሁንም ከወረቀት ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፤ ግን ላልለመደ ሰው አልመክርም፤ ጣትም ስፌትም ይበላል።

ስፌት ካልሁ ላይቀር፣ እንዳትስገበገብ። ስፌቱ ከጠርዙ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው ያለው። ከ1 ሚሊሜትር በላይ ከፋቅህ ጫማው ቀጥሎ ሶል ሲቀየርለት ጫማ ሰፊው የሚይዘው ቆዳ ያጣል። ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ቢቀር ቀለም ይሸፍነዋል፤ እሱን ብለህ አትቆፍር።

በ220 ካለፍህ በኋላ ስፖንጅ አርሰህ አጥብቀህ ጭመቅና ጠርዙን አንድ ጊዜ አስኪደው። የተኛው ጭረት ይነሣል። ሲደርቅ በ400 ውሰደው። ከዚያ እንደገና በጣም በትንሹ አርጥበህ፣ ገና ቀዝቀዝ እንዳለ፣ በቀንድ ወይም በማንኪያ ጀርባ ጫን እያልህ እሸው። በተክል ቅርፊት የተለፋ የሶል ቆዳ እርጥበትና ፍትጊያ ሲያገኝ ይጠብቃል፣ ያብለጨልጫልም። ቀለም ገና ሳይነካው ሲያበራ ካየኸው ሥራው ሆኗል።

ቀጥተኛው፦
ይህ ሁሉ ለአንድ ጠርዝ? እኔ ግን በማርከሬ ጸንቻለሁ።

የለገሃሩ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የውኃውን ጠብታ ሞከርሁት፤ ሶሉም ታኮውም ጠጥተው ጠቆሩ። በግራው ጫማ አውራ ጣቱ በኩል አንዲት የአምስት ሳንቲም ያህል ክፍተት አገኘሁ። የጥቁሩ ነገር ግን አሳስቦኛል። ቀለሙን አስለቅቄ ወደ ቡናማ መመለስ እችላለሁ? ቲነር ቤት ውስጥ አለኝ።

ወስፌ፦
ቲነሩን ወደ ቦታው መልስ! ማስቲሹን ይፈታዋል፤ አንዲቷን ክፍተት ትዘጋና ሌላ ቦታ ይከፈትብሃል። ቤንዚንም እንደዚሁ። ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠው አልኮል ይበቃል፤ በጨርቅ ጠብ እስከማይል ድረስ አርሰህ ጠርዙን ብቻ ጥረግ። የላይኛውን ቆዳ ከነካ ቀለሙን ያነሣዋልና ፕላስተሩን አትርሳ። ላይ ላዩን የተቀመጠው ቀለም በአልኮልና በፍቂያ ይለቃል። ወደ ውስጥ የጠለቀው ግን አይመለስም፤ ቀለም ጥቁሩን ቡናማ አያደርግም፣ ቡናማውን ነው ጥቁር የሚያደርገው። ስለዚህ ነጣ ያለ ቡናማ አትመኝ። ወደ ተቆላ ቡና ጠጋ ያለ ጥቁር ቡናማ ምረጥ፤ የቀረውን ነጠብጣብ ይውጠዋል፣ ከጫማውም ጋር ይስማማል።

የሜክሲኮዋ፦
ቀለሙን ስትገዛ ተጠንቀቅ። አናቱ ላይ ስፖንጅ ያለበትን ፈሳሽ የጫማ ቀለም አትውሰድ፤ እሱ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ይቀርና ሶሉ ሲታጠፍ ይሰነጣጠቃል። የሚያስፈልግህ ወደ ቆዳው የሚሰርግ፣ ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የቆዳ ቀለም ነው። መርካቶ፣ ሶልና ማስቲሽ በሚሸጡት ሱቆች በትንሽ ጠርሙስ ታገኛለህ። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ አንድ ሱቅ ነበረኝ፤ ሠፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ የት እንደገባ አላወቅሁም። ስትቀባ በጥጥ፣ ስስ አድርገህ፣ ሁለት ጊዜ። መካከል ላይ ይድረቅ።

ኬሚስቱ፦
እስካሁን የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ስለ መልኩ ብዙ ተባለና ስለ ውኃው ትንሽ ተባለ። ጠርዝ የተቆረጠ የቆዳ አፍ ነው፤ እንደተቆረጠ የግንድ ጫፍ ውኃ የሚጠጣው በዚያ በኩል ነው። ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፤ ይህ ሲደጋገም ጭረቱ ይለያይና ነጥቶ ፀጉር ያወጣል። ስለዚህ ቀለሙ ጌጥ ነው፤ ጠርዙን የሚያድነው ሰም ነው።

ንጹሕ የንብ ሰም ፈልግ። ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ስለዚህ የጋለ ካውያ ምንም አያስፈልግም። ሰሙን በደረቁና በቀለመው ጠርዝ ላይ እንደ ጠመኔ አሻሸው። ማንኪያ ከፈላ ውኃ ውስጥ አውጥተህ አድርቅና በጀርባው እየተጫንህ እለፍበት። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2300 ሜትርን ስለሚያልፍ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እሱም ለሰም ከበቂ በላይ ነው። ሰሙ ሲሰርግ ጠርዙ ጠቆር ይላል። ሲበርድ በጂንስ ጨርቅ ፈትገው። አንድ ነገር ብቻ፦ እርጥብ ቆዳ ላይ ትኩስ ነገር አታሳርፍ። እርጥብ ቆዳ ደረቁ የሚችለውን ሙቀት አይችልም፤ ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በክረምት ጫማቸውን ከሰል አጠገብ የሚያደርቁ ሰዎች ሶል የሚሰበረው ለዚህ ነው።

የለገሃሩ፦
የጧፍ ሰምስ ይሆናል? እናቴ ቤት አይጠፋም።

ኬሚስቱ፦
ከንብ ሰም ብቻ የተሠራ ከሆነ ይሆናል። በእጅህ ስትጨምቀው ሙጭጭ ብሎ የሚለመጥ፣ ማር ማር የሚሸት ከሆነ ውሰደው። ፓራፊን የተቀላቀለበት ግን ይፈረፈራል፤ ሶሉ በታጠፈ ቁጥር ይራገፋል። እናትህን ግን አስፈቅድ።

ሳሌም፦
በመሐል ልግባ። የእኔ ባለ ታኮ ጥቁር ጫማ ነው፤ የታኮው ጎን ጋሼ እንዳሉት ስስ ሽፋን ያለው ነው፤ የመኪና መርገጫ እየፈተገው ከኋላ በኩል ተልጧል። እሱስ ይፋቃል?

ወስፌ፦
አይፋቅም፣ እቴ። ብድግ ያለውን ጫፍ በጥርስ መጎርጎሪያ ማስቲሽ አስገብተሽ ለጥፊው፤ የጎደለውን በጥቁር ቀለም ንኪው። ስትነጂ ሌላ ጫማ ብታደርጊ ከሁሉ ይሻላል። ሽፋኑ ከግማሽ በላይ ከሄደ ታኮውን በቆዳ ማስለበስ ይቻላል፤ ይህ ግን የሠሪ እጅ ይፈልጋል።

የሜክሲኮዋ፦
ሊስትሮውን እንዳንረሳው። ጥፋተኛ ነው እያልሁ አይደለም፤ ደንበኛው ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ጠርዝ ስለሚወድ ነው የሚቀባው። ችግሩ ከቀለሙ በፊት ይጀምራል፦ ጫማውን በሳሙና ውኃና በብሩሽ ሲያጥበው ውኃው በቀጥታ በስፌቱና በጠርዙ ይገባል፣ ሳይደርቅ ቀለም ይለበስበታል፣ እርጥበቱም ውስጥ ይታፈናል። እኔ ቁጭ ስል አስቀድሜ «ሶሉ ቆዳ ነው፤ አታጥበው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው» እላለሁ። ካልሲ እንዳይቆሽሽ የሚሰኳትን ካርቶን ደግሞ አንዷን በሶሉና በላይኛው ቆዳ መገናኛ ላይ እንዲይዛት ብትጠይቀው ቡናማው ቀለም ከጠርዙ ቀለም ጋር አይቀላቀልም። በደስታ ያደርጉታል፤ አንዳንዱማ ከዚያ በኋላ ለሌላውም ደንበኛ እንደዚያ ይይዛል።

ኬሚስቱ፦
ጥሩ ብለሻል። ከዝናብ ስትገባ ደግሞ ጭቃውን ወዲያው ጠርገህ ጋዜጣ ጠቅጥቅበትና ጫማውን በጎኑ አስተኛው፤ ሶሉ መሬት ላይ ከተቀመጠ ከታች አይተነፍስም። ጋዜጣው ሲርስ ቀይረው። ሰሙን ጠርዙ መንጣት ሲጀምር ትደግመዋለህ፤ ቀጠሮ መያዝ አያስፈልገውም።

የለገሃሩ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ መርካቶ ወርጄ ቀለሙንና ወረቀቱን እገዛለሁ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ቀረችኝ፦ የሚመጣውን ክረምት ፈርቼ ከሶሉ ሥር ስስ ላስቲክ ላስለጥፍ አስቤያለሁ። ጠርዙን ከጨረስሁ በኋላ ጫማ ሰፊ ጋ ልውሰደው?

ወስፌ፦
አይ፣ ላስቲኩ ይቅደም። ላስቲክ ሲለጠፍ ከሶሉ ሰፋ ተደርጎ ነው፤ ከዚያ በቢላዋ ዙሪያውን ይቆረጥና በሞረድ ከጠርዙ ጋር ይስተካከላል። አንተ ያለሰለስኸውና ሰም ያጠጣኸው ጠርዝ በዚያ ሞረድ አንድ ደቂቃ አይቆይም። ሰፊውን «ጠርዙን እኔ እጨርሰዋለሁ፣ ቀለም እንዳትነካው» በለው፤ ካላልኸው ለደግነቱ ጥቁር ቀብቶ ይሰጥሃል። ክፍተቷንም እዚያው ያጣብቅልህ፤ የእሱ ማስቲሽ አዲስ ነው። ከዚያ ወስደህ በ120 ጀምር። ከቀለሙ በኋላ አንድ ሌሊት፣ ከሰሙ በኋላም አንድ ሌሊት አሳድረው፤ ከሠርጉ በፊትም አንድ ቀን ቢሮ አድርገኸው ዋል፤ አዲስ ላስቲክ በተወለወለ ወለል ላይ ይይዛል፣ ሳትለምደው ሙሽራ ፊት ቢያደናቅፍህ ደስ አይልም።