አባቴን ወደ ባልቲሞር ወደብ ልወስዳቸው ነው፤ የትኞቹን መርከቦች እናስቀድም?

ጠያቂ፦ ነዋሪ ሲልቨር ስፕሪንግ
ግንቦት 2024 (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)

ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ ባልቲሞርን በቅርብ የምታውቁ ወገኖች እንድታማክሩኝ እጠይቃለሁ። አባቴ በቅርቡ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ቤት ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ሲሆን፣ በወጣትነታቸው ምጽዋ በነበረው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። ከዚያ ከወጡ ወዲህ ግን ባሕር የሚያዩት በቴሌቪዥን ብቻ ነው። ሰኔ ላይ የባሕር ኃይል መርከቦችና ባለ ሸራ ረጃጅም መርከቦች ወደ ባልቲሞር ወደብ እንደሚመጡና ሕዝቡም ወጥቶ እንደሚጎበኛቸው ስነግራቸው ለጊዜው ምንም አልመለሱልኝም፤ ማታ ግን እናቴን ስልክ ደውለው ሲነግሯት ሰማኋቸው።

የምጠይቀው ይህን ነው። በመጋቢት የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ወድቆ የመርከብ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ዝግጅቱ በእርግጥ ይካሄዳል? ከተካሄደስ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌና የዘጠኝና የስድስት ዓመት ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ምን ሊያይ ይችላል? ለአባቴ የሚስማማው ዘመናዊው የጦር መርከብ ነው ወይስ በወደቡ ቋሚ ሆነው የቆሙት አሮጌዎቹ? ብዙ ነገር አሳይቼ ከማደክማቸው ይልቅ ጥቂቱን በደንብ እንዲያዩ እፈልጋለሁ።

ምላሽ፦ የወደቡ ተመላላሽ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ ድልድዩ ያነሡትን ልመልስ። ስብርባሪውን የማንሳቱ ሥራ ሌት ተቀን እየተሠራ ስለሆነ የመርከቡ መንገድ ደረጃ በደረጃ እየተከፈተ ነው፤ ዝግጅቱም ከሰኔ 12 እስከ 18 እንዲሆን ተወስኗል። ወደ ወደቡ ስትቃረቡ ግን ስድስት ሠራተኞች ሕይወታቸውን ያጡበት ቦታ መሆኑን ለልጆቹ ቢነግሯቸው መልካም ነው። ከተማዋ ገና ሐዘን ላይ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ ሰው ለእንግዶቹ መርከቦች ሲል ቋሚዎቹን እያለፈ ይሄዳል፤ እኔ ግን አባትዎን በቅድሚያ የምወስዳቸው በቋሚነት ወደቆሙት ነው። መሃል ከተማ ባለው የወደቡ ክፍል፣ ኢነር ሃርበር ውስጥ በመጀመሪያ የምታገኙት ሦስት ምሰሶ ያላትን ኮንስተሌሽንን ነው። ምሰሶ ስል በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደቀል የተባለውን፣ ሸራው የሚሰቀልበትን ማለቴ ነው። ይህች መርከብ በ1854 ቨርጂኒያ ውስጥ የተሠራች ስትሆን፣ አሜሪካ ያለ ሞተር በሸራ ብቻ እንዲሄዱ ከሠራቻቸው የጦር መርከቦች የመጨረሻዋ ናት። ለረጅም ዓመታት በ1797 እዚሁ ባልቲሞር የተሠራችው የስሟ ተጋሪ ራሷ ናት እየተባለ ይነገር ነበር፤ አጥኚዎች ጣውላዋንና የሥራ ንድፏን መርምረው የተለየች መርከብ መሆኗን ካረጋገጡ በኋላ በ1990ዎቹ በተደረገው ትልቅ ጥገና ቅርጿ ወደ 1854ቱ ተመልሷል። እኔ ይህን ጉዳይ ከመርከቧ ባላነሰ እወደዋለሁ፤ ከተማዋ የምትወደውን ታሪክ ትታ እውነቱን ተቀብላለችና።

ወደ ሁለተኛው ደርብ ስትወርዱ መድፎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ከዚያ በታች ያለው መርከበኞቹ ይተኙበት የነበረው ነው፤ ጣራው ዝቅተኛ በመሆኑ ረጅም ሰው አንገቱን ካልደፋ አይቆምም፤ የሸራ አልጋዎቹም ከጣራው በገመድ ተንጠልጥለዋል። እዚያ ሲደርሱ ለልጆቹ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ከ1859 እስከ 1861 ይህች መርከብ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የባሪያ ንግድን ለመከላከል የተሰማራው የአሜሪካ የመርከቦች ጓድ መሪ መርከብ ነበረች። በሴፕቴምበር 1860 በጨረቃ ብርሃን ኮራ የተባለችውን መርከብ አሳድዳ ስትይዝ በሆዷ ውስጥ ታጉረው የተገኙት አፍሪካውያን 705 ነበሩ፤ ሞንሮቪያ ወስደው ነጻ አወጧቸው። በ1880 ደግሞ ለተራበው የአየርላንድ ሕዝብ እህል ጭና ተሻግራለች። የጦር መርከብ እህል ጭኖ ለረሃብተኛ ሲደርስ ትርጉሙ እኛ ኢትዮጵያውያንን ከማንም በላይ ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ለአባትዎ ግን ሌላ መርከብ አለችኝ። ዓሣዎች ከሚታዩበት አኳሪየም አለፍ ብሎ፣ ፒር 5 በተባለው የመርከብ ማቆሚያ ላይ 37 የሚል ቁጥር የተጻፈባት ነጭ የኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጠባቂ) መርከብ ቆማለች። በ1936 አገልግሎት የጀመረች ስትሆን፣ በዲሴምበር 1941 ፐርል ሃርበር በተመታበት ቀን ሆኖሉሉ ወደብ ውስጥ ሆና ጸረ አውሮፕላን መሣሪያዋን ተኩሳለች፤ ከዚያም እስከ 1986 ድረስ ሠርታለች። ቀድሞ የሮጀር ቴኒ ስም ነበራት፤ ይህ ሰው ኋላ ላይ ጥቁር ሕዝብ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አይችልም የሚለውን የ1857ቱን ፍርድ የጻፈው ዳኛ በመሆኑ በ2020 ስሙ ተነሥቶ በቁጥሯ ብቻ ትጠራለች። ይህችን የማነሳበት ምክንያት፣ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» ከዚህችው ጋር የአንድ ዘመን ሥራ በመሆኗ ነው። አሜሪካ በ1962 ከመስጠቷ በፊት ኦርካ ትባል ነበር፤ የባሕር አውሮፕላኖችን ለማገልገል የተሠራች ሆና በጦርነቱ ጊዜ ፊሊፒንስ ውስጥ ዘምታለች። ርዝመቷ 311 ጫማ ነበር፤ የ37 ደግሞ 327 ነው። ሁለቱም ከፊት ለፊት ባለ አምስት ኢንች መድፍ የተተከለባቸው ናቸው። አባትዎ እዚያች ላይ ሲወጡ የሚያውቁትን ያገኛሉ፤ ሁለቱ መርከቦች በውስጣቸው አንድ ናቸው ማለት ይቻላል።

ምላሽ፦ የመርከበኛ ልጅ

ከላይ በተሰጠው ላይ ስለ ጉልበታቸው ብቻ ልጨምር። እኔም ባለፈው ጊዜ እናቴን ይዤ ስለሄድኩ ተምሬበታለሁ። በመርከብ ውስጥ ያለው መወጣጫ ደረጃ ሳይሆን መሰላል ነው፤ ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፤ ሲወረድም ፊትን ወደ መሰላሉ አዙሮ በሁለት እጅ ይዞ ነው። ስለዚህ አባትዎን ወደ ታች ሁሉ ለማስገባት አይጨነቁ፤ በላይኛው ደርብ ላይ ብቻ ቢቆዩም ብዙ ነገር ያያሉ። ወደ እንግዶቹ የጦር መርከቦች መግባት በነጻ ነው፤ ነገር ግን እንደ አየር ማረፊያ ፍተሻ አለ፤ አዋቂ ሁሉ መታወቂያ ይዞ ይሂድ፤ ትልቅ ቦርሳ አይያዝ፤ ጫማም ተረከዘ ዝቅተኛና የተሸፈነ ይሁን። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሰልፉ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላልና ከቻሉ በሥራ ቀን፣ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ይድረሱ። ታጣፊ ወንበር መያዝ አይርሱ። እናቴ ፀሐይ ላይ ቆማ ስትደክም ወንበር የለገሱን ከኋላችን የነበሩ የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው።

ደግሞም ትላልቆቹ መርከቦች ኢነር ሃርበር ውስጥ ስለማይበቁ ሎከስት ፖይንት በተባለው ሰፈር በኩል ሊቆሙ ይችላሉ፤ መኪና ከማቆምዎ በፊት የትኛው የት እንደቆመ ያጣሩ፤ ሁለቱ ቦታዎች ለሽማግሌ በእግር የሚደረስባቸው አይደሉም።

ምላሽ፦ የቀድሞ ባሕረኛ፣ ቨርጂኒያ

ልጄ፣ ጥያቄህን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም ምጽዋ ነበርኩ። በቅድሚያ ለወደቡ ተመላላሽ ወንድማችን አንድ እርማት ላቅርብ። 37 እና «ኢትዮጵያ» በመልክና በዘመን ይቀራረባሉ፤ በውስጣቸው ግን አንድ አይደሉም። «ኢትዮጵያ» በናፍጣ ሞተር ነበር የምትሄደው፤ 37 ደግሞ የእንፋሎት መርከብ ናት። በሞተር ክፍል ለሠራ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ሙቀቱም፣ ድምፁም፣ ሽታውም ሌላ ነው። አባትህ የሞተር ሰው ከነበሩ ከበሩ ላይ ሆነው ያውቁታል፤ የደርብ ሰው ከነበሩ ግን እውነትም ቤታቸው የገቡ ያህል ይሰማቸዋል። ስለዚህ በየትኛው ክፍል እንደሠሩ አስቀድመህ ጠይቃቸው፤ ጉብኝቱንም ከዚያው ጀምር።

ሌላው መናገር የምፈልገው፣ አባትህ እንዲህ ያለውን የመርከብ ጉብኝት ከአንተ በፊት ያውቁታል። የባሕር ኃይሉ በ1955 ከተቋቋመ በኋላ የኖርዌይ መኮንኖች ያሠለጥኑን ነበር፤ በየዓመቱም ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን ይከበር ነበር። ጃንሆይ ይገኙ ነበር፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት የጦር መርከቦችም መጥተው ከእኛው ጎን መልሕቅ ይጥሉ ነበር። ያን ጊዜ ነጭ ለብሰን መወጣጫው ሥር ቆመን እንግዳ የምንቀበለው እኛ ነበርን፤ ሴቶቹን እጃቸውን ይዘን፣ ልጆቹን አቅፈን እናወጣቸው ነበር። አሁን አባትህ በሰልፉ ውስጥ ቆመው እንደ ማንኛውም እንግዳ ሲገቡ ያ ሁሉ ትዝ እንደሚላቸው እወቅ። አትቸኩልባቸው። ዝም ካሉም ዝም በላቸው።

«ኢትዮጵያ» በ1991 የመን ገብታ ቀረች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ይህን አያውቁ ይሆናልና ካልጠየቁህ አትንገራቸው።

ምላሽ፦ የወደቡ ተመላላሽ

ጋሼ፣ እርማቱን በአክብሮት ተቀብያለሁ። «በውስጣቸው አንድ ናቸው» ማለቴ ስሕተት ነበር፤ የሞተሩን ነገር አላጤንኩትም። ስለ ባለ ሸራዎቹ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፦ የባልቲሞር ልጅ የሆነችውን ፕራይድ ኦፍ ባልቲሞር 2ን ወደቡ ላይ ካገኛችኋት ምሰሶዎቿን ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ናቸው። በ1812ቱ ጦርነት የእንግሊዝን መርከቦች ያስቸገሩት የባልቲሞር ፈጣን መርከቦች አሠራር ይህ ነበር። ከእሷ በፊት የነበረችው የመጀመሪያዋ ፕራይድ በ1986 ከፖርቶ ሪኮ ሰሜን በድንገተኛ አውሎ ነፋስ ሰጥማ ካፒቴኗንና ሦስት ባልደረቦቿን አጥታለች፤ መታሰቢያቸው ወደቡ ዳር ነው።

ጠያቂ፦ ነዋሪ ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰኔ 2024

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሐሙስ ጠዋት ሄደን ተመልሰናል። ጋሼ እንደመከሩኝ በመኪና ውስጥ በየትኛው ክፍል ይሠሩ እንደነበር ጠየቅኳቸው፤ ለካ የደርብ ሰው፣ የገመድና የመልሕቅ ኃላፊ ኖረዋል። እኔ ልጃቸው ሆኜ አርባ አራት ዓመት ሳልጠይቃቸው መኖሬ አሳፈረኝ።

ኮንስተሌሽን ላይ ልጆቹ ስለ 705ቱ ሰዎች ሲሰሙ ትልቁ ልጄ «ከእነሱ መካከል ልጆች ነበሩ?» ብሎ ጠየቀ፤ አዎን አልኩት፤ ከዚያ በኋላ መድፎቹን ትቶ ከእኔ አልተለየም። ወደ 37 ስንደርስ አባቴ ከእኛ ቀድመው ወጡ። ጉልበታቸውን ፈርቼ ልደግፋቸው ስል በእጃቸው ገፋ አደረጉኝ። ከፊት ያለው መድፍ ዘንድ ሄደው ብዙ ቆሙ፤ ከዚያም መርከቧ የታሰረችበትን ወፍራም ገመድ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው እየዳበሱ አተሳሰሩን መረመሩ። «ይኼን ያሰረው ልጅ ያውቃል» አሉ። ወዲያው የትንሹን ልጄን የጫማ ማሰሪያ ፈትተው፣ አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ አዙረው፣ በጥርሳቸው ሳብ አድርገው ሦስት ዓይነት ቋጠሮ አሳዩት። ጣቶቻቸው በቤት ውስጥ ቁልፍ ለመቆለፍ የሚንቀጠቀጡ ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን አልተንቀጠቀጡም።

ከእንግዶቹ መርከቦች አንዱን ብቻ አየን። መውጫው ላይ አንዲት ወጣት መርከበኛ ኮፍያቸውን አይታ የት እንዳገለገሉ ጠየቀቻቸው። «ምጽዋ፣ ቀይ ባሕር» አሉ በእንግሊዝኛ። እጇን ዘርግታ ጨበጠቻቸውና ባልደረባዋን ጠርታ አስተዋወቀቻቸው። መወጣጫውን ከመውረዳቸው በፊት ልጆቹን «ቆዩ» ብለው ወደ መርከቡ የኋላ ጫፍ፣ ባንዲራው ወዳለበት ዞረው፣ እጃቸውን በጎናቸው ወደ ታች ዘርግተው ቀጥ ብለው ቆሙ። ከኋላችን የነበረው ሰልፍ ጠበቀን።

በመንገድ ላይ ስለ «ኢትዮጵያ» መጨረሻ ጠየቁኝ፤ ስለጠየቁ ነገርኳቸው። ያውቁት ኖሮ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዓመቱን ብቻ ነበር የማያውቁት።

የቨርጂኒያው ጋሼ፣ የጻፉትን ሁሉ ማታ አነበብኩላቸው። ምጽዋ የነበሩት ከየትኛው እስከ የትኛው ዓመት እንደሆነና በየትኛው መርከብ ላይ እንደነበሩ እንድጠይቅላቸው አዘውኛል። ፈቃድዎ ከሆነ በመድረኩ የግል መልእክት ይጻፉልኝ፤ እሳቸው እስከ ነሐሴ እዚሁ ናቸው።