ሜሳ ቨርዴን ባዶ ያስቀረው ድርቅ ብቻ ነው?

ጦሳ ስር፦
ሰላም ናችሁ? ደሴ ታሪክ አስተምራለሁ። ሰሞኑን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ፍልሰት እያየን ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ሜሳ ቨርዴ የሚባል ቦታ ገደል ሥር የተሠሩ የድንጋይ ቤቶች አሉ፤ ትልቁ ብቻውን 150 ያህል ክፍል አለው። ያን ሁሉ ለፍተው ሠርተው በ1300 እ.ኤ.አ. ማንም አልነበረበትም። «ድርቅ ነው» ስል አንዱ ተማሪ «ወሎም ስንቴ ደርቋል፣ ሰው ግን ተመልሶ ያርሳል» አለኝ። ምን ልበለው?

ቦርከና፦
ልጁ ዋናውን ነገር ነው የያዘው። ድርቁማ እውነት ነው፣ ከ1276 እስከ 1299 እንደቆየ ከዛፍ ቀለበት፣ ማለትም ዛፍ በየዓመቱ ግንዱ ውስጥ ከሚጨምረው ክብ መስመር፣ ታውቋል። ዝናብ ሲጠፋ ዛፉ የዚያን ዓመት ቀለበት ቀጭን ያደርገዋል። የቤቶቹን የጣሪያ ግንድ ቀለበት ዓመቱ ከታወቀ ቀለበት ጋር ሲያስተያዩት ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት ይወጣል፣ ቤቱ መቼ እንደተሠራም በዚያ ይገመታል። ግን በ1100ዎቹ አጋማሽም ከባድ ድርቅ ነበር፣ ያኔ አገሩን ጠቅልለው አልለቀቁም። በ1200ዎቹ ሰው በዝቷል፣ ደህና ደህናው መሬት ተይዟል፣ አጋዘኑም ተመናምኗል። ለሥጋ የቀራቸው የሚያረቡት ተርኪ የሚባል ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ ነው፣ እሱንም የሚቀልቡት በቆሎ ነው። በቆሎው ሲከዳ እህሉም ሥጋውም አንድ ላይ ሄደ ማለት ነው። ድሮ አንዱ ጋ ሲከፋ ወደ ሌላው ዘወር ይባል ነበር፤ አሁን እዚያም ባለቤት አለ።

የሸዋ በር ልጅ፦
መምህር፣ ግጭቱንም ይጨምሩበት። እዚያው አካባቢ ያለው ካስል ሮክ የሚባለው መንደር በ1280 አካባቢ ተጠቅቶ ብዙ ሰው አልቆበታል፣ ሕፃናትም ጭምር። ገደል ሥር የገቡትም በአብዛኛው ለዚህ ይመስለኛል፤ ለጠላት መውጫው ጠባብ ነው፣ ምንጭም ቅርብ ነው። ደግሞ እባክዎ ሕዝቡ እንዳልጠፋ ለተማሪዎቹ ይንገሩልኝ፣ «ጠፉ» ሲባል በጣም ያሳዝነኛል። ወደ ደቡብ ነው የወረዱት። ዘሮቻቸው የሆኑት የፑዌብሎ ሕዝቦች ዛሬም ኒው ሜክሲኮና አሪዞና ውስጥ አሉ፣ ሆፒዎችና ዙኒዎችም ከእነሱ ናቸው።

ጦሳ ስር፦
ኑሩልኝ! ታዲያ ዝናቡ ሲመለስ ለምን አልተመለሱም?

ቦርከና፦
ብዙዎቹ የገቡበት፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ያለው የሪዮ ግራንዴ አካባቢ የሐምሌና የነሐሴ ዝናቡ የተሻለ የሚታመን ነው፣ ወንዝም አለው። እዚያ ትልልቅ መንደር መሥርተው ነበር። ደግሞ መልቀቅ የተጀመረው ከ1276 በፊት ነው። ቀድሞ የሄደ ዘመድ ካለህ መንገዱም ማረፊያውም አለህ፣ አብዛኛው ጎረቤትህ ከሄደ ደግሞ ከጠላት አብሮህ የሚቆም የለም። ለልጁ ይሄን ንገረው።