ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን ተፈጭቶ ነው የሚደርሰኝ

የሐይቁ ወፍጮ፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን ወገኖች። ያለሁት ሐይቅ ነው። ዕድሜዬ 54 ነው። 22 ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርቻለሁ፣ መጀመሪያ በናፍጣ ሞተር፣ ኋላ በመብራት። አሁን ሥራውን ለልጄ ለቅቄለታለሁ። ደክሞኝ ብቻ አይደለም የለቀቅሁት። አንዲት ደንበኛዬ በስልክ ሰላሳ ኪሎ ዱቄት አዘዘችኝ፣ እኔ ስልሳ አዘጋጅቼ ጠበቅኋት። ሰው ፊት ተከራከርኳት፣ እሷም አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት ፈራሁ።

ችግሬን ለሰው ማስረዳት አቅቶኛል። “ጆሮዬ ደከመ” ስል ሰው ይጮህብኛል። እኔ ደግሞ የጩኸት እጥረት የለብኝም። ባለቤቴ ከጓዳ ስትጣራ እሰማታለሁ። ምን እንዳለች ግን አላውቅም። ራዲዮ ጣቢያው በደንብ ሳይያዝ ሲቀር ታውቃላችሁ? ሰው እያወራ ነው፣ ወንድ ይሁን ሴት ትለያለህ፣ ወሬው ግን አይያዝም። ልክ እንደዚያ ነው። “ልጁ ፈራ”፣ “ልጁ ሠራ”፣ “ልጁ ጠራ” ለእኔ አንድ ናቸው። “ራ” ብቻ ናት የምትደርሰኝ። የቀረውን ከሰውየው ፊት ነው የማነበው።

የአምስት ዓመት የልጅ ልጅ አለችኝ። የእሷ ድምፅ ቆርቆሮ በሚስማር ሲጫር ነው የሚመስለኝ። ይሄ ለማን ይነገራል?

የገረመኝን ልንገራችሁ። አዛኑን ጥርት አድርጌ እሰማለሁ፣ አንዲት ፊደል አታመልጠኝም። የጁምዓውን ኹጥባ ግን፣ ከዚያው መስጊድ፣ ከዚያው ድምፅ ማጉያ፣ አልይዘውም። ጎኔ ያለውን “ምን አሉ?” እንዳልል በኹጥባ ሰዓት አይወራም።

የባሰው የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ መጣ፣ አምባሰል። ማሲንቆ መቺው ባቲን ሲጫወት ሁለት ሰዎች በተለያየ ቅኝት የሚመቱ መሰለኝ። ሰው ይጨፍራል፣ እኔ “ይሄ ሰውዬ ዛሬ ጠጥቷል” እላለሁ። ኋላ ጣቴን ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ስከት አንድ ማሲንቆ ሆነ። ወሎዬ ሆኖ ባቲ የሚበላሽበት ሰው ምን ቀረው? የደነገጥኩት ያን ቀን ነው።

ልጆቼ አዋጥተው አዲስ አበባ ወሰዱኝና የመስሚያ መሣሪያ ገዙልኝ፣ ለቀኝ ጆሮዬ ብቻ። የሸጡልን ሰዎች 20 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሰክተውልኝ “ይሰማዎታል?” አሉ። “አዎ” አልኩ። ሸኙኝ። ቤት ስገባ ጉድ ፈላ። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ይወጋኛል። ሲኒ ሲጋጭ እዘላለሁ። የራሴ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ ነው የሚወጣው። ቃሉ ደግሞ ጮኸ እንጂ አልጠራም። በአራተኛው ቀን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ልጆቼ ስንት እንደከፈሉ ስለማውቅ “ጥሩ ነው” እያልኩ እዋሻለሁ።

ጥፋቱ የመሣሪያው ነው የጆሮዬ? እንዲህ የሚሆንበት ሰው እዚህ አለ? ምን አደረጋችሁ?

መምህርቷ ከወልድያ፦

አብሽር ወንድሜ። እኔም እንዳንተው ነኝ።

31 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። የመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት ግን እግዚአብሔር ይይልኝ። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ተነስቶ “ቲቸር፣ ደብተሬ ጠፋ” ይለኛል። እኔ የሰማሁት “ተፋ” ነው። “ማነው የተፋው?” ብዬ ተቆጣሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቃለ ጽሕፈት የማስጽፍ ሰው ጠ እና ተ መለየት ሲያቅተኝ ጡረታዬን ጠየቅሁ። ምክንያቱን ግን ለማንም አልነገርኩም፣ “ጉልበቴን አመመኝ” ነው ያልኩት።

መሣሪያውን መቆለፍ ያልከው አሳቀኝ። የኔ ስምንት ወር ነው የተቆለፈው፣ አንተ ገና ነህ። ያወጣሁት የልጄ ልጅ አራተኛ ክፍል ሲገባ ነው። ማታ ማታ መጽሐፉን ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ እኔ መስመሩን በዓይኔ እከተላለሁ። ዓይኔ ቃሉን ስለሚያየው ጆሮዬም ቀስ እያለ ለመደው። በቀን አንድ ሰዓት፣ በኋላ ሁለት ሰዓት፣ ጸጥ ባለ ቤት፣ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ። አንተ ምናልባት በአንዴ ዘመድ የተሰበሰበበት ቤት ይዘኸው ገብተህ ይሆናል። እሱ የሚሆነው መጨረሻ ላይ ነው።

ሌላው፣ ተመለስና አስተካክሉልኝ በል። እኔ አራት ጊዜ ተመልሻለሁ። ስትሄድ “አይመችም” አትበል፣ በምን እንደማይመች ጻፍ። ፌስታል፣ ሲኒ፣ የራሴ ድምፅ። ይሄ የጻፍከው ራሱ ጥሩ ማስታወሻ ነው፣ እሱኑ አሳያቸው። እና “ይሰማዎታል?” ሲሉህ ለይሉኝታ ብለህ “አዎ” እንዳትል። የኛ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚጠፋው።

ቡና ላይ ጀርባህን ለግድግዳ ስጥ። ብርሃኑ የሚያወራው ሰው ፊት ላይ ይሁን፣ ያንተ ዓይን ላይ አይሁን። ሙቀጫው አጠገብ አትቀመጥ።

የቤት መድኃኒት፦

ነጭ ሽንኩርት በወይራ ዘይት አፍልተህ ለብ ሲል ሁለት ሁለት ጠብታ። ሰባት ቀን። የአጎቴ ጆሮ ተከፍቷል።

የጦሳ ልጅ፦

ወንድሜ፣ እባክህ ይሄን ለሰው አትምከር። የአጎትህ ሰም ተጠራቅሞ ከነበረ ዘይቱ አለስልሶት ይሆናል። ታምቡሩ የተበሳ ሰው ላይ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። የአያ ችግር ደግሞ ከታምቡሩ ወዲያ ነው፣ ዘይት አይደርስበትም።

አያ የሐይቁ፣ ደሴ ሸዋ በር ነው ያደግሁት፣ አሁን አዲስ አበባ የመስማት ምርመራ እሠራለሁ። የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስንት ታካሚ “ዝም ብሎ አይሰማኝም” ብሎኝ በጥያቄ የማወጣውን እርስዎ በአንድ ገጽ ጨረሱት።

የውስጠኛው ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዘ ነው። ውስጡ 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ህዋሳት ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ቃና አለው፣ እንደ በገና አውታር። ቀጭኑን ድምፅ የሚይዙት መግቢያው ላይ ያሉት ናቸው፣ በጩኸት ቀድመው የሚጎዱትም እነሱ ናቸው። ሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። አሁን ቋንቋውን ይዩት። የአንድን ቃል ጉልበት የሚሸከሙት አናባቢዎቹ ናቸው። ወፍራም ስለሆኑ ይሰማሉ። ቃልን ከቃል የሚለዩት ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት ግን ቀጫጭንና ደካማ ናቸው። ስለዚህ ፈራ፣ ሠራና ጠራ አንድ ቢሆኑብዎ አይግረምዎ። የልጅ ድምፅ ደግሞ በጠቅላላው ቀጭን ነው።

አዛኑ የጠራው ስለሚያውቁት ነው። የጎደለውን አእምሮ ከትዝታ ይሞላዋል። ኹጥባው በየሳምንቱ አዲስ ነው፣ የሚሞላበት የለውም። የስልክ ቁጥርና ዋጋም እንደዚያው ነው።

የማሲንቆውም ስም አለው፣ ዲፕላኩሲስ ይባላል። ሁለቱ ጆሮዎች እኩል ካልተጎዱ አንዱን ቃና ቀኝ በአንድ ከፍታ፣ ግራ በሌላ ከፍታ ይሰሙታል። ማሲንቆ መቺው አልጠጣም ማለት ነው።

ሲኒው የሚያስዘልልዎ ደግሞ፣ የተጎዳ ጆሮ ትንሹን ድምፅ ያጣል እንጂ ትልቁን አያጣም። “አልሰማሁም” እና “አደነቆርከኝ” መካከል ያለው ቦታ ይጠባል። ሰው ሲጮህልዎ የሚብሰው ለዚህ ነው። መሣሪያው ትንሹን ከፍ፣ ትልቁን ያዝ እንዲያደርግ በእርስዎ ልክ መስተካከል አለበት። በ20 ደቂቃ የተሰጠዎት ሳይለካ የተሰፋ ኮት ነው። ሲመለሱ የቃላት ምርመራ ይጠይቁ። በሚመችዎ ከፍታ ቃላት እየተነገሩ ስንቱን በትክክል እንደሚደግሙ ይቆጠራል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ህዋሳቱ ጨርሰው የሞቱበት ቦታ ላይ ድምፅ ቢጨመር ጩኸት እንጂ ቃል አይሆንም። መሣሪያው የድሮ ጆሮዎን አይመልስም። የተረፈውን በደንብ ያሠራዋል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ቀስ በቀስ ነው የመጣው በድንገት? ጠንካራ መርፌ ወስደው ያውቃሉ? ሌሎቻችሁም ስሙኝ፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የወረደ መስማት ድንገተኛ ሕመም ነው። “ጉንፋን ነው፣ ያልፋል” አይባልም። ሕክምናው የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው። አንዱ ጆሮ ብቻ ያለምክንያት እየደከመ የሚጮህበት ሰውም ሐኪም ይየው።

የሐይቁ ወፍጮ፦

አላህ ይስጥልኝ። ቀስ በቀስ ነው የመጣው። መርፌውን በተመለከተ፣ በ1986 ለሳንባ ነቀርሳ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ተወግቻለሁ። ስትሬፕቶማይሲን ይሉት ነበር። ያኔ ጆሮዬ “ሽ” ይል ነበር፣ ለሐኪሙም አልነገርኩ። ከዚያ ነው ወፍጮ ቤት የገባሁት።

የጦሳ ልጅ፦

እሱ መርፌ ብዙ ሰው አድኗል፣ የአንዳንዱን ጆሮ ግን ወስዷል። በላዩ ላይ 22 ዓመት ወፍጮ ሲጨመር ይገባኛል። ምክንያቱን አንድ ብቻ አድርጌ መፍረድ አልችልም፣ ሁለቱም ያንኑ ህዋስ ነው የሚመቱት።

ልጅዎ ጆሮው ላይ ምን ያደርጋል? ለ8 ሰዓት ሥራ የሚመከረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው። በ3 በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ክንድ ርቀት ላይ ያለ ሰው ጮሆ ካልተናገረ የማይሰማበት ቦታ ከ85 በላይ ነው ብለው ይያዙት። ጥጥ አይበቃውም። የድምፅ መከላከያ ይግዙለት።

የኮምቦልቻዋ፦

አያ፣ እኔ መሣሪያም ሕክምናም አላውቅም። እናቴ እንደ እርስዎ ናት። ቤተሰብ የሚያጠፋውን ልናገር፣ ለባለቤትዎም ያንብቡላቸው።

እኛ ቤት አራት ነገር እያደረግን ነበር። ከሌላ ክፍል መጣራት፣ ፊት ሳይታይ መናገር፣ ያንኑ ቃል ደጋግሞ መጮህ። አራተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። “ምን አላችሁ?” ስትል “ተይው፣ ምንም አይደል” እንላት ነበር። አንድ ቀን እማዬ “ለእናንተ ምንም ያልሆነውን እኔም ልስቅበት እፈልጋለሁ” አለችን። ከዚያ ወዲህ ያን ቃል ቤታችን ውስጥ ያለ ሰው አይናገረውም።

አሁን መጀመሪያ ትከሻዋን ነካ እናደርጋለን። ካልያዘችው ቃሉን እንቀይራለን። “ስልሳ” ካልገባት “ስድስት አሥር” እንላታለን፣ ወይም ጣት ነው። ነጠላችንን ከአፋችን ላይ እናወርዳለን። የቡና ጎረቤቶቿን ለማስለመድ ነው ብዙ ጊዜ የፈጀብን፣ ሦስቱ ባንድ ጊዜ ነው የሚያወሩት። በኛ ቤት አቦሉ ላይ ቴሌቪዥን ይጠፋል።

አንድ ነገር አላማረኝም ግን። ለልጆችዎ “ጥሩ ነው” ማለቱን ይተዉት። እኔ ብሆን ከከፈልኩት ብር ይልቅ መዋሸትዎ ነው የሚቆጨኝ።

የሐይቁ ወፍጮ፦

ስድስት ሳምንት ሆነኝ ከጻፍኩ። ተመልሼ መጥቻለሁ።

ለልጆቼ ነገርኳቸው። ትልቁ ተቆጣ፣ በኔ ሳይሆን በሻጮቹ። ሌላ ቦታ አስመረመሩኝ፣ ያን የቃላት ምርመራ ጭምር። በግራዬ ከመቶ 72፣ በቀኜ 48 ያዝኩ። ለካ መሣሪያውን የሰኩልኝ የባሰው ጆሮዬ ላይ ነው! መርማሪዋ መልካም ልጅ ናት፣ ሁለት ሰዓት ፈጀችብኝ። መሣሪያውን ወደ ግራ አዛወረችው፣ ሲኒውንም አለዘበችልኝ። ለቀኙ ገንዘብ ሲገኝ እናያለን።

ማታ ማታ የልጅ ልጄ ፊደል ስትቆጥር እከተላታለሁ፣ መምህርቷ እንዳለችው። ልጅቷ አስተማሪዬ የሆነች መስሏታል፣ ስሳሳት በማስመሪያ ጉልበቴን ትመታኛለች። ሰ እና ሸ አሁን ይለያዩልኛል። ፈ ገና ነው። ድምጿ አሁንም ቆርቆሮ ነው፣ ግን ቆርቆሮው ቃል ይናገራል።

ኹጥባው ግማሽ በግማሽ ነው። ሚንበሩ ፊት ለፊት መቀመጥ ጀመርኩ፣ አፋቸውን እያየሁ። ማሲንቆው አልተስተካከለም። ባቲ ሲመጣ ቀኙን ጥጥ እወትፋለሁ።

ባለቤቴ ከጓዳ መጣራቷን አልተወችም። 30 ዓመት የለመደችውን በምን ልከልክላት? ግን ተጣርታ ስትጨርስ መጥታ በሩ ላይ ትቆምና “አሁን ደግሞ በፊቴ” ብላ ትደግመዋለች።

ልጄ ወፍጮ ቤት መከላከያውን አደረገ። አስፈጪዎቹ “አብራሪው” ይሉታል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ ባትሪ ነው። የኔ 13 ቁጥር ነው፣ ብርቱካናማ ልጣጭ ያለው። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ሊያልቅ ነው፣ አንዱ አሥር ቀን ግድም ነው የሚቆየኝ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚሸጥበትን የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። በስልክ ሳይሆን እዚሁ በጽሑፍ።